ጥያቄና መልስ፦ ልምምድ ላይ የማይሳሳተው ልጅ መድረክ ላይ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ከ14 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ክራርና ማሲንቆ አስተምራለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ የራቃቸው፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ትምህርት ያቋረጡም አሉባቸው። ለበዓል ኮምቦልቻ ላይ ዝግጅት አለን። አምባሰልን አሳምሮ የሚጫወተው አንዱ የማሲንቆ ልጅ ግን ሰው ሲያየው እጁ ይንቀጠቀጣል። ሙዚቃው በእውነት ይጠቅማቸዋል? ይህን ልጅስ መድረክ ላውጣው?

መልስ፦ ሙዚቃው ይጠቅማል። መድረኩ ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ሁለቱን አይቀላቅሏቸው።

በሰሜን አየርላንድ የሥነ ልቦና ችግር ያለባቸው ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 251 ልጆች በአንድ ጥናት ተሳትፈው ነበር። በዕጣ የተለዩት ከተለመደው ሕክምና ሌላ በሳምንት አንዴ፣ ለ30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ከሙዚቃ ቴራፒስት (በሙዚቃ ከሚያክም ባለሙያ) ጋር ድምፅ እየፈጠሩ ተጫወቱ። እንዳበቃ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ብሎ፣ ድባቴያቸው ቀንሶ ተገኘ። በ26ኛው ሳምንት ሲለካ ግን ልዩነቱ አልዘለቀም። ስለዚህ ቡድኑ በበዓሉ ማግስት እንዳይበተን አጥብቀን እንለምንዎታለን።

እነዚያ ልጆች ለተመልካች አልተጫወቱም። እርስዎም ከየልምምዱ 10 ደቂቃ ለዚህ ይተዉ፦ በከበሮ አጭር ምት ይምቱ፣ ልጁ በመሣሪያው ይመልስ፤ ቀጥሎ እሱ ይምራ፣ እርስዎ ይከተሉት። በዚህ ሰዓት ስሕተት አይታረምም። አስተማሪ ልማድ ሆኖበት ጣት ማረም ሲጀምር ልጁ መፍጠሩን ትቶ መፈተኑን ያስባል።

ወደ ማሲንቆው ልጅ እንምጣ። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ይረጫል፤ ጣት ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ደጋኑን በረጅሙና በዝግታ መሳብ መንቀጥቀጡን ያጋልጣል፤ ስለዚህ በአጫጭር፣ ፈጠን ባለ ስበት የሚጀምር ዜማ ይስጡት፣ መግቢያውንም ከሌላው ክፍል በላይ ያለማምዱት። መጀመሪያ ሁለት ጓደኞቹ ፊት፣ ከዚያ መላው ቡድን፣ ከዚያ ቤተሰብ ፊት ይጫወት። ፍርሃቱ በረድ ሳይል ወደሚቀጥለው አይለፉ። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ አቋርጦ ከወጣ፣ የሚያተርፈው ትምህርት «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» የሚል ነውና በሚቀጥለው ይብስበታል። ለኮምቦልቻው ብቻውን ሳይሆን ከቡድኑ ጋር ቢያቀርቡት ይሻላል። እምቢ ካለም አይገደድ።

የክራር ልጆችም አሉዎትና ይህን አይርሱ፦ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የወረደ ክራር ቅኝቱ ይዛነፋል፣ ልጁ ግን ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። አንድ ሰዓት ቀድመው ደርሰው እዚያው ይቃኙ።

«አብሽር፣ ተረጋጋ» ማለት ደግነት ነው፤ ልቡ እየመታ ላለ ልጅ ግን መረጋጋት ሩቅ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ፈርቻለሁ» ካሉት የተሻለ ዘፈኑ። ተሳታፊዎቹ አዋቂዎች ነበሩ፤ ቢሆንም መሞከሩ ጉዳት የለውም። አንዳንድ ሙዚቀኞች ለመንቀጥቀጥ የሚወስዱትን ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ለማንም ልጅ እንዳይሰጡ፤ አስም ላለበት አደገኛ ነው።

ከልጆቹ መካከል ስለ መሞት የሚያወራ ወይም ራሱን የሚጎዳ ካለ ልምምዱን አይጠብቁ፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይውሰዱት።