የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የበሽሎን ሸለቆ በብስክሌት

በዚህ ዕትም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወገል ጤና የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ የሚገናኙ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ የምንኖር ሰባት ጓደኛሞች ነን። ጀርመን አገር ያለው ወንድሜ ባለፈው ዓመት በራይን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በአስጎብኚ የሚመራ የብስክሌት ጉዞ አድርጎ ፎቶግራፎቹን ልኮልኝ ነበር። ሻንጣቸው በመኪና ይቀድማቸዋል፣ እነርሱ ወንዙን ተከትለው ይነዳሉ፣ በየማታው ሌላ ከተማ ያድራሉ። እኛም በአፍንጫችን ሥር የበሽሎ ሸለቆ አለን። ከኩታበር ተነስተን ወንዙን እየተከተልን እንዲህ ያለ ጉዞ ማድረግ እንችላለን? አስጎብኚስ የግድ ያስፈልገናል?
መ. አ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ጉዞው ይቻላል፤ «ወንዙን እየተከተልን» የሚለውን ሐሳብ ግን ከወዲሁ ይተዉት። ወንድምዎ የነዱበት የራይን ሸለቆ፣ ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ውብ ስፍራ ነው። ለብስክሌት የተመቸው ግን ስላማረ ሳይሆን፣ ውሃው በዚያ ሁሉ ርቀት ውስጥ የሚወርደው ከፍታ ከ20 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ነው። የብስክሌቱ መንገድ ከውሃው ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በሁለቱም ዳርቻ የባቡር ሐዲድ ስላለ የደከመው ሰው ከሚቀጥለው ጣቢያ ብስክሌቱን ይዞ ይሳፈራል፤ ድልድይ ባይኖርም ጀልባ ያሻግረዋል። እዚያ አስጎብኚ የሚቀጠረው ሰው መንገድ እንዳይጠፋው ሳይሆን፣ መኝታና ሻንጣ እንዲያሰናዳ፣ በየኮረብታው ላይ ስላሉት የጥንት ግንቦችም እንዲተርክ ነው።

የእኛ ወንዞች ጠባይ ሌላ ነው። በሽሎ ከኩታበር በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዳሩን ይዞ አብሮት የሚወርድ የብስክሌት መንገድ ግን የለም። መንገዶቻችን ወንዝን አይከተሉም፤ ወደ ወንዝ ወርደው፣ ተሻግረው፣ በማዶው ይወጣሉ። ከወንዙ ማዶ ካለው ከደላንታ ደጋ አፋፍ እስከ ውሃው ያለው ቁልቁለት በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የሚያቅዱት ጉዞ የወንዝ ዳር ሽርሽር ሳይሆን አንድ ትልቅ መውረድና አንድ ትልቅ መውጣት ያለበት ነው፤ የቀኑ ብዛት፣ የሰዓቱ አከፋፈል፣ የአስጎብኚው ምርጫ፣ ሁሉም የሚሰላው ከመውጣቱ ተነስቶ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስም የገጠማቸው ይኸው ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ቢነሱም መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። በዥጣና በበሽሎ ወንዞች ገደሎች ድንጋዩ እየተፈለጠና በባሩድ እየተናደ መንገድ ካልተሠራ በቀር ያንን መድፍ የጫነ መንኮራኩር ማውረድም ማውጣትም አይቻልም ነበር። ለእርስዎ መንገዱ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል፤ ዳገቱ ግን ያው ነው።

ከዕቅዱ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። በመሆኑም ይህ መልስ ለማቀድ እንጂ ነገ ጠዋት ለመነሳት የተሰጠ አይደለም። ቀኑ ሲቃረብ ከሁለቱም ጫፍ፣ ከኩታበርም ከደላንታዋ ወገል ጤናም፣ እዚያው ነዋሪ ከሆነ ሰው ያጣሩ፤ ለወረዳዎቹ አስተዳደርም ያሳውቁ። ከሁለቱ አንዱ ጫፍ ካመነታ ጉዞውን ያስተላልፉት፤ ሸለቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ መመለስም ቢሆን በዳገት ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን አራት ቀን ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ከደሴ ኩታበር ድረስ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ብቻ ይንዱ። አጭር ነው ብለው አይናቁት፤ የላላው ፍሬን፣ የሚዘለው ማርሽ፣ ልክ ያልሆነው መቀመጫ የሚታወቁት በዚያ ቀን ነው፤ ጎሚስታውም መለዋወጫውም ያለበት ደሴ ሳይርቅ ቢታወቁ ይሻላል። በሁለተኛው ቀን ጠዋቱን እስከ ሸለቆው አፋፍ ነድተው፣ ምሳ በልተው፣ ፀሐይዋ በረድ ማለት ስትጀምር ይውረዱ፤ ሌሊቱንም ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ይደሩ። ሦስተኛው ቀን ለመውጣት ብቻ የተተወ ይሁን። በአራተኛው ቀን በደላንታ ሜዳ ላይ እንደ ልብ እየነዱ፣ በማዶ የዥጣን ገደል ከአፋፉ ሆነው አይተው፣ ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ጭነው ይመለሱ። ዥጣንም ልውረድ የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ ለሌላ ዓመት ያቆዩት።

አንዳንድ አዘጋጅ የአንድ ሌሊት ወጪ ለመቆጠብ ጠዋት አውርዶ፣ ወንዙ ዳር ምሳ አብልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሊያወጣዎት ይፈልግ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዕቅድ እኛ አንመክርም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይጨምራል፤ ያ ዳገት ደግሞ በመቶ ሜትር ሰባት ሜትር የሚወጣ ነው ብንል እንኳ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ልምድ የሌለው ሰው እንዲህ ባለ ዳገት ላይ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙም አይሄድም፤ ዕረፍቱ ሲታከልበት አራትና አምስት ሰዓት መውሰዱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ዋናው ሐሩር ሳይመጣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ደጋው ላይ ይሆናል። ከምሳ በኋላ የተነሳ ግን የቀኑን ሙቀት በሙሉ ከወገቡ በታች ካለው አለት፣ ከወገቡ በላይ ካለው ፀሐይ ተቀብሎ ጨለማ መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ታች ሲያድሩ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ወባ ነው፤ ቆላ ነውና አጎበር ይያዙ። ሁለተኛው ደራሽ ውሃ ነው፤ የወንዙ አሸዋ ደርቆ፣ ለጥ ብሎ፣ ለድንኳን የተሠራ ቢመስልም ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሰማይ ጥርት ባለበት ቆላ ሌሊት ሊደርስ ስለሚችል አሸዋው ላይ አይተኙ።

ስለ መውረዱ ደግሞ ሰው የሚያስበው ቀላሉ ክፍል እንደሆነ ነው። ፍሬን ሳይለቁ ይዞ መውረድ የጎማውን ቸርኬ ያግላል፤ የጋለ ቸርኬ በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ያሳብጠዋል፤ በመጨረሻ ጎማው ይፈነዳል። ደግነቱ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከኩርባው በፊት የፊትና የኋላውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቆ ማናፈስ። በየተወሰነው ርቀት ይቁሙና ጣትዎን ሳይሆን ጥቂት ጠብታ ውሃ ቸርኬው ላይ ያሳርፉ፤ ጠብታው ቸስ ብሎ ከጠፋ ሁሉም ይረፍ። ኮሮኮንቹ ላይ የፊት ፍሬን ብቻ መያዝ በግንባር መደፋትን ያመጣል።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ይመረጣል፤ ክረምቱ ጭቃና ሙላት ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። በመስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ሰሞን መንገዱ በምእመናንና በመኪና ስለሚሞላ ለብስክሌት አይሆንም። ጥሩው ወቅት ከኅዳር 15 ጀምሮ ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም ስንቁን በዚያው ያሰናዱ። ሰባት ጓደኛሞች ናችሁና፣ እንደ ደሴ ልማድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ካለ፣ ሥጋ መያዝ ሁለት ድስት ማሰብን ይጠይቃል፤ የደላንታ ምስር፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ሁሉንም ያስማማል። ጉዞው ዓርብን ከነካ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ዳገት መሐል እንዳይውል ቀኖቹን አስቀድመው ያስተካክሉ።

ወደ አስጎብኚው እንመለስ። ራይን ላይ ባይኖርም ይቻላል፤ በሽሎ ላይ ግን ያስፈልጋል። ውሃ የት ምንጭ ላይ እንደሚቀዳ፣ ስልክ የት ቦታ እንደሚሠራ፣ የታመመ ሰው በማን በቅሎ እንደሚወጣ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። ሲመርጡ ዋጋውን ብቻ አይመልከቱ፤ ምን እንደሚጠይቅዎት ያዳምጡ። ከመካከላችሁ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት እንዳለ፣ ማን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነዳ ሳይጠይቅ ስለ ክፍያ የሚነጋገር ሰው የማን ኃላፊነት እንደወሰደ አልገባውም። ለሰባት ሰው ሁለት መሪ፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከሁሉም ኋላ፣ ይኑር። ዕቃ የሚጭነው መኪና ደግሞ ወደ ማደሪያው ቀድሞ መሄዱ ቀርቶ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ በኋላ ይከተል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 49 ነው፣ መምህርት ነኝ። ብስክሌት የነዳሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስቡ እኔንም ጋብዘውኛል፤ ጉልበቴ ይችለው ይሆን? አለባበሴስ?
ወ/ሮ ዘ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እመቤት፣ ጉልበትዎን የሚፈትኑበት መንገድ ደጅዎ ላይ አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ዳገት በከፍታ ከ600 ሜትር ያላነሰ ስለሆነ የበሽሎን መውጫ ከግማሽ በላይ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳው ላይ ይለማመዱ፤ ከዚያ እሑድ ማለዳ፣ የጭነት መኪናው ሳይበዛ፣ ዳገቱን እስከቻሉበት ድረስ ይውጡና ይመለሱ። አንድ ቀን ደሴ ገብተው፣ ቡና ጠጥተው፣ በማግሥቱም ጉልበትዎ ሳያብጥና ሳይቆረጥምዎት ወደ ሥራዎ ከሄዱ፣ ይሂዱ። ጉልበትዎ ካበጠ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ዳገቱን ሁሉ መንዳት ግዴታ አይደለም። ወርዶ መግፋት የማንንም ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚገፋ ሰው ቀላሉን ማርሽ ይዞ ከሚንገዳገድ ሰው ብዙም ወደ ኋላ አይቀርም። የሚጎዳው ከወጣቶቹ ላለመለየት ብሎ ከባድ ማርሽ መርገጥ ነው፤ የጉልበት ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከቀሚስ ሥር ጠበቅ ያለ ሱሪ መልበስ ይበቃል፤ ቀሚሱ ግን ከጉልበት ብዙ እንዳይወርድ፣ ከወረደም በስተቀኝ ያለው ጠርዝ እንዲታሰር ያስፈልጋል፤ ሰንሰለቱ ያለው በዚያ በኩል ነው። ነጠላን እንደ ልማዱ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ በሜዳ ላይ ችግር የለውም፤ ቁልቁለት ላይ ግን ነፋስ ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ ይወስደዋልና ወገብዎ ላይ አጥብቀው ይሰሩት ወይም ሻንጣ ውስጥ ያኑሩት። ቆላው ላይ ላብዎ ደርቆ ጨው ፊትዎ ላይ ሲቀር ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎች ለምለም የሚሉትን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥቂት ከረጢት ይያዙ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህንንም ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የደላንታ ልጅ ነኝ፤ ገደሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ብስክሌተኞችን እየመራሁ መኖር እችላለሁ?
ወጣት ሰ.፣ ከወገል ጤና

መልስ፦ ወንድማችን፣ ገደሉን ማወቅህ ግማሹ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚማሩት ነው፦ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የተበሳ ጎማ መለጠፍ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት መቀጠል፣ የፍሬን ገመድ መቀየር። ፈቃድን በተመለከተ የወረዳህን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ ጠይቅ፤ ብቻህን ከምትጀምር ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅተህ ብትቀርብ ይቀልሃል። ከእናንተ ብዙም የማይርቀው መቄት ጥሩ ትምህርት ይሰጥሃል፤ እዚያ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ገበሬዎች መቋት ማርያምንና ዋጃላን በመሳሰሉ ስፍራዎች ጎጆ ሠርተው እግረኛ ቱሪስት ተቀብለዋል፤ እንግዳው የከፈለውም ለቀበሌው ሰው ገቢ ሆኗል። አንተም ወንዙ ዳር ለሚያሳድሩህ ቤተሰቦች ከመጀመሪያው ድርሻቸውን ወስንላቸው።

እንግዶችህ ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ መጠየቃቸው አይቀርም፤ የወገል ጤና ኦፓል ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ታውቋል። ከአፋፉ ሆነህ ቦታውን አሳያቸው፤ ቆፋሪዎቹ ገደሉ ላይ ወደፈለፈሉት ዋሻ ግን አታስገባቸው፤ ይናዳል። በአጨዳ ሰሞን ገበሬ እህሉን መንገድ ዳር ካሰጣ ወይም እየወቃ ከሆነ ቡድኑን ከብስክሌት አውርደህ በእግር አሳልፍ።

ዋጋ ስትቆርጥ ሁሉንም በጽሑፍ አድርገው፤ በተለይ አንድ ሰው ዳገቱ መሐል አልችልም ሲል የሚጠራውን በቅሎ ማን እንደሚከፍል። ቀድሞ ካልተጻፈ በቅሎው ሲመጣ ክርክሩ የሚጀመረው ፀሐይ ላይ ነው፤ ባለበቅሎው ደግሞ ሒሳቡን የሚጠይቀው ከአንተ ነው።