ድልድዩ ጫፍ ሲደርስ ሞተሩ በራሱ እንዲቆም

ወንድሜ፣ በሌጎ የሠራኸው ተነሺ ድልድይ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩ አልቆም እያለ ጊሮቹን ቀጭ ቀጭ ያደርጋቸዋል፤ ሴንሰር ባስገባ ይሻላል ወይ ብለህ ነው የጠየቅኸው። አዎ፣ ይሻላል። እኔም እንዲህ ዓይነት ድልድይ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ድልድዩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ስዊች አስቀመጥኩ። ድልድዩ ሲነካው የሞተሩ መስመር ይቋረጣል። ሞከርኩት። ድልድዩ ተነሳ፣ ስዊቹ ቀጭ አለ፣ ሞተሩ ጸጥ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ላወርደው ስል ንቅንቅ የለም። መስመሩ ተቋርጧላ! ለመውረድም የሚያስፈልገው ያው መስመር ነው። ዎርም ጊር (እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጊር) ስላለው ደግሞ በእጅ ቢገፉትም አይወርድም። የሞተሩን ዘንግ በሁለት ጣቴ ይዤ እየጠመዘዝኩ ነው ከስዊቹ ያላቀቅኩት።

መፍትሔው ዳዮድ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ የሚዞረው ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ነው፤ ዳዮድ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ ሳይነካ የሚያስተላልፍ፣ ሲነካ የሚያቋርጥ ስዊች ፈልግና ዳዮዱን ከሁለቱ እግሮቹ ጋር በየደው። ድልድዩ ስዊቹን ሲነካ ወደ ላይ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ወደ ታች የሚመልሰው ግን በዳዮዱ በኩል ያልፋል። ለታችኛው ጫፍ ሁለተኛ ስዊች ጨምርና ዳዮዱን ገልብጠህ በየደው። ሁለቱም እዚያው አንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው ይገባሉ። ለትንሽ ሞተር 1ኤን4001 የሚባለው ዳዮድ ይበቃል። 0.7 ቮልት ያህል ስለሚወስድ ድልድዩ ከስዊቹ እስኪላቀቅ ድረስ ትንሽ ይዘገያል። ያ ችግር አይደለም።

ዳዮዱ ከተገለበጠ ሞተሩ ጫፍ ላይ አይቆምም። ስለዚህ ድልድዩን ከማገናኘትህ በፊት ሞተሩን ብቻውን አስነሳና ስዊቹን በጣትህ እየተጫንክ ፈትሽ። ይህችን አትዝለላት።

ይህ ሁሉ ፓወር ፈንክሽንስ ለሚባለው ለቀድሞው የሌጎ ሞተር ነው። ኬብሉ ውስጥ ካሉት አራት ሽቦዎች ለሞተሩ የሚሄዱት መሃለኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱን ትቆርጣለህ። የሞተሩን የራሱን ኬብል ግን እንዳትነካ፣ የማራዘሚያውን ቁረጥ።

ሞተርህ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ፓወርድ አፕ ከሆነ መቀስ አታንሳ። ቴክኒክ የሚባለው የሌጎ ዓይነት ትላልቅ ሞተሮች ስንት ዲግሪ እንደዞሩ የሚቆጥር ሴንሰር በውስጣቸው አለ። ችግሩ ሃቡ (ሞተሩ የሚሰካበትና የሚታዘዝበት ሳጥን) ሲበራ የሚያውቀው ዘንጉ በአንድ ዙር ውስጥ የት እንዳለ ብቻ ነው። ድልድይህን ለማንሳት ሞተሩ ብዙ ዙር ስለሚዞር ያ አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ በዝቅተኛ ኃይል ወደ አንዱ ጫፍ ንዳው፤ ሲደናቀፍ ያንን ቦታ ዜሮ በለው፤ ከዚያ ትንሽ መልሰውና በዲግሪ እያዘዝክ ሥራ። የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የሌጎ ሊብሄር 42100 ኤክስካቫተርም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክንዱን ጫፍ ድረስ እየነዳ መነሻውን ይፈልጋል። ፓይብሪክስ በሚባለው የሌጎ ሃብ ፕሮግራም መጻፊያ የምትጽፍ ከሆነ እስኪደናቀፍ የሚነዳ ትእዛዝ ተዘጋጅቶልሃል፤ የኃይሉን ገደብ ግን ራስህ አስቀምጥለት። እኔ በ30 በመቶ እጀምራለሁ።

ስዊች ከመረጥክ ቦታው ላይ ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ለሞተሩ አስጠግቼ አስቀምጬው ነበር። ጊሮቹ መካከል ያለው ልቅነት ተደምሮ ድልድዩ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ አልፎ ይቆም ነበር። የሚቆመው ድልድዩ ስለሆነ ስዊቹንም ድልድዩ ራሱ ይንካው። ደግሞም ፊት ለፊት አይግጨው፤ በጎኑ እያለፈ ምላሱን ይጫን። ያኔ ድልድዩ ትንሽ አልፎ ቢሄድ እንኳ ስዊቹ አይሰበርም።

የብርሃን ሴንሰርም ሞክሬያለሁ። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ተሳሳተብኝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚነካውን እመርጣለሁ።

ሴንሰር አስገባሁ ብለህ ነጩን ባለ 24 ጥርስ ክላች ጊር እንዳታወጣው። ላዩ ላይ 2.5 እና 5.0 ኒውተን ሴንቲሜትር ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጉልበቱ ከዚያ ሲያልፍ ራሱ ይንሸራተታል። ሽቦ የተላቀቀ ቀን ድልድይህን የሚያድነው እሱ ነው።

የትኛው ሞተር እንዳለህ ንገረኝ፤ ፓወር ፈንክሽንስ ከሆነ የሽቦውን አሠራር በሥዕል አድርጌ እልክልሃለሁ።