ከቦሌ እስከ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

እህቴ፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊመጡ መሆኑን ጽፈሽ ርቀቱንና ሰዓቱን ጠይቀሻል። እኔም እናቴን በዚሁ መንገድ አምጥቻታለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ርቀቱ በቀጥታ ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሰዓቱ ላይ ግን እንደኔ እንዳትሸወጂ። ትኬቷ መነሻ 22:30፣ መድረሻ በማግስቱ 7:30 ይላል። ቀነስኩና «እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አንድ እንቅልፍ ተኝተሽ ትደርሻለሽ» አልኳት። ለካ ሁለቱም የተጻፉት በየአገራቸው ሰዓት ነው! በአሜሪካ የብርድ ወራት ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ደግሞ 7። ዘጠኙ ላይ 8 ስትጨምሪ 17 ይሆናል። 22:30 ማለትም በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ይህን ለሚሸኟቸው ሰዎች ደጋግመሽ ንገሪ።

የእናቴ አውሮፕላን ነዳጅ ሊቀዳ ደብሊን አረፈ። መንገደኛው ከመቀመጫው አይነሳም። እሷ ግን ዘጠኝ ሰዓት ስላልኳት የደረሰች መስሏት፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ ጋ ቆማለች። አንድ የሐበሻ ልጅ ነው «እማማ፣ ገና ነው» ብሎ የመለሳት። እስካሁን ትወቅሰኛለች።

ለምን ይቆማል ካልሽ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውም ዕቃም ሙሉ ነዳጅም ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣበታል። ደለስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በመልሱ ጉዞ ነፋሱም ከኋላ እየገፋው፣ በ13 ሰዓት ገደማ ሳይቆም አዲስ አበባ ይገባል። ደብሊን ካርታ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል እንጂ በሉል ላይ ክር ዘርግተሽ ብትለኪው የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መቆሚያው ከተማ ይለዋወጣልና የእሳቸውን ትኬት እዪ።

እግራቸው ደህና ቢሆንም ዊልቸር አስመዝግቢላቸው። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ዋናው ጥቅሙ የሚገፋው ሰው ነው፤ ከበር እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያም እስከ ሻንጣው ያደርሳቸዋል። አድራሻሽንና ስልክሽን በእንግሊዝኛ ጽፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ ይያዙ። ሲያርፉ ወዲያው ይወጣሉ ብለሽ አትጠብቂ፤ እኔ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ።

አንድ ነገር እንዳልረሳ። ትኬቱ ላይ «አይ ኤ ዲ» (IAD) የሚለውን የደለስ ኮድ አረጋግጪ። የእኛ ሰው ደለስንም ዳላስንም አንድ አድርጎ ይጠራል። የቴክሳሱ ዳላስ ከዚህ 1,900 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል፣ በመኪና ሄደሽ አታመጫቸውም።