ብሩስ ሊን «የሚስጥር ምት» ነው የገደለው?

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? ከዚራ በርጫ ላይ ስለ ብሩስ ሊ ክርክር ተነሳ። አንዱ ጓደኛችን «በሚስጥር ምት ነው የመቱት፣ ቆይቶ ነው የሚገድለው» ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው እንዴ?
የድሬ ልጅ

መልስ፦ አቦ፣ ጓደኛህ ፊልም ነው የሚያወራው። ብሩስ ሊ የሞተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ ገና በ32 ዓመቱ ነው። ራሱን አመመውና የተሰጠውን ማስታገሻ ክኒን ውጦ ተኛ፣ በዚያው አልነቃም። አንጎሉ አብጦ ነበር። መርማሪዎቹ ክኒኑ አልተስማማውም ብለው ደመደሙ፣ እስከ ዛሬ ሌላ ምክንያት የሚያቀርቡ ሐኪሞችም አሉ። ደግሞ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ፤ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ለፊልም ድምፅ ሲቀዳ ወድቆ ሆስፒታል ገብቶ ነበር፣ ያኔም አንጎሉ አብጦ ነው የተገኘው። ታዲያ ምቱ የታለ?

ወሬውን ያባባሰው የልጁ ሞት ይመስለኛል። ብራንደንም እ.ኤ.አ. በ1993 ፊልም ሲቀረጽ በሽጉጥ ተመቶ በ28 ዓመቱ ሞተ፣ ሰውም «እርግማን ነው» አለ። አደጋ ነው እንጂ።

እኔ ብሆን በርጫው ላይ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከመምህሩ ከኢፕ ማን ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ስልት ተምሮ እዚያ ላይ አልቆመም፣ ከቦክስ የእግር አጣጣሉን፣ ከሻሞላ ግጥሚያ ርቀት መጠበቁን ወስዶ ጂት ኩን ዶ የሚለውን የራሱን መንገድ አወጣ። በዓለም ዙሪያ ስሙን የተከለው «ኢንተር ዘ ድራገን» ለሕዝብ የታየው ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።