«ላቴ»፣ «ሌቼ» እና «ላፕቴ» አንድ ቃል ናቸው?

የጣልያንኛው «ላቴ»፣ የስፓኒሹ «ሌቼ» እና የሩማንያኛው «ላፕቴ» (ሦስቱም ወተት) ከአንድ የላቲን ቃል እንዴት ይወጣሉ ብለህ ለጠየቅከው፦ አዎ፣ አንድ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው መነሻው ላይ ነው። መዝገበ ቃላት ብትገልጥ «ላክ» ታገኛለህ፤ «ት» የለውም። አጠገቡ ያለውን አገናዛቢ ቅርጽ «ላክቲስ»ን እይ፤ ሕዝቡ በአፉ ይለው የነበረው «ላክቴ» ግንዱ እሱ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው «ክ» ከ«ት» ጋር በተጋጠመችበት ቦታ ነው። ጣልያንኛ «ክ»ን ውጦ «ት»ን አጠበቀ። መጥበቅና መላላት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ነው። እዚያም «ፋቶ» ላልቶ ዕጣ ፈንታ፣ ጠብቆ የተሠራ ማለት ነው። ሩማንያኛ «ክ»ን ወደ «ፕ» ለወጠ።

በምዕራቡ ግን «ክ» መጀመሪያ ላላች፤ በትግርኛ ከአናባቢ በኋላ «ኽ» እንደምትሆነው ማለት ነው። ከዚያ «ይ» ሆነች፦ «ላይቴ»። ፖርቱጋልኛ «ሌይት» ብሎ እዚያው ቆመ። ፈረንሳይኛ «ት»ን በጽሕፈት ብቻ አስቀርቶ «ሌ» ይላል። ስፓኒሽ አንድ እርምጃ ጨመረ፦ «ይ» «ት»ን አለስልሳ «ች» አደረገቻት፣ «ሌቼ»።

በስምንት («ኦክቶ») ፈትነው፦ ጣልያንኛ «ኦቶ» (ጠብቆ)፣ ስፓኒሽ «ኦቾ»፣ ፖርቱጋልኛ «ኦይቶ»፣ ሩማንያኛ «ኦፕት»፣ ፈረንሳይኛ «ዊት»። ፈረንሳዮች ከፊቱ የሚጽፉት የማይነበብ «ህ» ከላቲን የመጣ አይደለም። ድሮ «ኡ» እና «ቭ» በአንድ ፊደል ይጻፉ ስለነበር «ቪት» ተብሎ እንዳይነበብ የገባ ነው።

ሕጉን የሚያፈርሱ የሚመስሉ ቃላት ያጋጥሙሃል። ስፓኒሽ ሌሊትን «ኖቼ» እያለ የሌሊት ለማለት «ኖክቱርኖ» ይላል። ይህ ሕጉን አያፈርስም፤ ሁለተኛው ዘግይቶ ከላቲን መጻሕፍት የተቀዳ ነው፣ በሕዝብ አፍ አልታሸም። ቀጥ ያለ ለማለትም «ዴሬቾ» እና «ዲሬክቶ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። በተቃራኒው ደግሞ የስፓኒሽ «ች» ሁሉ ከ«ክት» አልመጣም፤ ብዙ ማለት የሆነው «ሙቾ» የመጣው ከ«ሙልቱም» ነው።

ጾታውን ግን በሕግ አትፈልገው። በላቲን ግዑዝ ጾታ ነበር፤ ያ ጾታ ሲጠፋ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ፖርቱጋልኛ ወተትን ወንድ አደረጉት፣ ስፓኒሽና ካታላንኛ ሴት። በቃሉ መሸምደድ ነው።

ራስህን ለመፈተን «ላክቱካ»ን ውሰድ፤ ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ስለሚወጣው ከወተት ስም የወጣለት ሰላጣ ነው። ጣልያንኛ «ላቱጋ»፣ ስፓኒሽ «ሌቹጋ»፣ ሩማንያኛ «ለፕቱከ» ይሉታል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ክ» በሁለቱ ወደ «ግ» መላላቷ በአናባቢ መካከል ስለገባች ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕግ ነው።