ቁልፉን ከመቀበልህ በፊት መዝገቡን ጠይቅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ2004 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩ መኪና ናት። ጉልበት እንዲጨመርላት ጋራዥ አስገብቻት ነበር፤ አሁን "አልቃለች፣ ና ውሰድ" ተብያለሁ። አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ተርቦዋ ቲዲ05-16ጂ በሚባል ሌላ ተርቦ ተተክቷል፤ ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ የታመቀውን አየር የሚያበርድ ከፊት የሚቀመጥ ኢንተርኩለር፣ ሙሉ ማርሚታና አዲስ ፍሪሲዮን ገብቶላታል። ሞተሩ አልተከፈተም። የኮምፒውተሯን ፕሮግራም ያዘጋጀው ዱባይ የሚኖር ባለሙያ ነው፤ ፋይሉን በኢሜይል ላከና እዚህ ጫኑት። 320 የፈረስ ጉልበት አላት ይላሉ። ትናንት ልሞክራት ሄጄ፣ ከ3,000 ዙር በላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። "ተርቦው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል" አሉኝ። ቀሪውን ከፍዬ ልውሰዳት? ስረከብስ ምን ምን ልይ? (ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እየነዳህ አትውሰዳት። ቀሪውን ክፍያም ገና ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ተርቦ አይላመድም። ደህና ከሆነ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ደህና ነው፤ ካልሆነም እየባሰበት ይሄዳል እንጂ በራሱ አይሻለውም። የሰማኸው ድምፅ ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ቀላል ነው፤ ማርሚታ ሲቀየር የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮዎቹ ብሎናቸው ሳይጠብቅ ይቀርና ይንቀጫቀጫሉ። ይህን ለመለየት መኪናዋ በቆመችበት፣ ማርሽ ሳታስገባ ዙሩን ቀስ እያልክ ከፍ ዝቅ አድርገው። በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ድምፁ ከመጣ ቆርቆሮ ነውና እሰየው በል፤ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው። ቆማ ዝም ብላ፣ ስትነዳት ግን በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትረግጥ ብቻ የምታሰማው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ እየፈነዳ ፒስተኑን እየቀጠቀጠው ነው ማለት ነው። የአንተ ሞተር ፒስተኖች ከፋብሪካ ሲመጡ ፈስሰው የተሠሩ እንጂ ተቀጥቅጠው የተሠሩ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ዱላ ለረጅም ጊዜ አይችሉም፤ በፒስተን ቀለበቶቹ መካከል ያለችው ቀጭን ግድግዳ ትሰበርና ያልተከፈተው ሞተርህ ይከፈታል።

ከድምፁ በላይ ያሳሰበኝ ፋይሉ ነው። ባለሙያው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ከሩቅ ሆኖ መሥራትም በራሱ ጥፋት አይደለም። ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች እንዲሁ ይሠራሉ። ነገር ግን እነርሱ አንድ ፋይል ይልካሉ፣ መኪናው ይነዳል፣ የተመዘገበው መረጃ ይመለስላቸዋል፣ ያርማሉ፣ እንደገና ይልካሉ። አንተ እንደነገርከኝ ከሆነ ግን ፋይሉ አንዴ መጣ፣ ተጫነ፣ አለቀ። ይህ ለሌላ ሰው ገላ የተሰፋ ልብስ መልበስ ነው።

ዱባይ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። የአየሩ ግፊት እዚያ 1 ባር ገደማ ሲሆን እዚህ 0.77 አካባቢ ነው። እነርሱ ማደያ ገብተው ከ91፣ ከ95 እና ከ98 ኦክቴን (ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት መጠን) መርጠው ይቀዳሉ፤ ጉልበት የተጨመረላቸው መኪኖች ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ በ98ቱ ላይ ተመሥርቶ ይዘጋጃል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም፤ ተሰልፈን የተገኘውን ቤንዚን እንቀዳለን።

"ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን አይጎዳውም" የሚል መካኒክ አይጠፋም። ተርቦ ለሌለው መኪና እውነቱን ነው፤ ጉልበት ያጣል እንጂ አይጎዳም። ተርቦ ላለው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፋይሉ ወደ ሞተሩ በድምሩ 2.2 ባር እንዲገባ ያዝዛል እንበል። ዱባይ ላይ ተርቦው የአካባቢውን አየር 2.2 እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ከ0.77 ስለሚነሳ እዚያው ለመድረስ ወደ 2.9 እጥፍ ማመቅ አለበት። ስለዚህ እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ የሚወጣው አየርም ይበልጥ ይግላል። በሁለቱም ቦታ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር ቢስብና የተርቦው ብቃት 70 በመቶ ነው ብንል፣ እዚያ 125 ዲግሪ ገደማ ሆኖ የሚወጣው አየር እዚህ ከ165 ያልፋል። እንዲያውም ተርቦው ከሚመቸው ክልል ወጥቶ ስለሚሠራ ብቃቱ ይወርድና ሙቀቱ ከዚህም ይብሳል። ኢንተርኩለሩ የተወሰነውን ያበርዳል፤ ሁሉንም ግን አይችልም። የጋለ አየርና ለ98 የታሰበ የብልጭታ ጊዜ (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ቅጽበት)፣ ኦክቴኑ ካልታወቀ ቤንዚን ጋር ሲገናኙ ነው እንግዲህ ያ ድምፅ የሚመጣው።

ዳሽቦርዱ ላይ የተገጠመች የግፊት መለኪያ ካለችህ እርሷም ታሳስትሃለች። የምታሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። 1.2 ስትል ዱባይ ላይ ድምሩ 2.2 ነው፤ እዚህ ግን 1.97። ስለዚህ ለባለሙያው ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ላክለት፦ ፋይሉ ግፊቱን የሚያዝዘው በድምሩ ነው ወይስ ከአካባቢው አየር በላይ ባለው? የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዡስ ተሞልቷል? የሱባሩ ኮምፒውተር የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰርና ግፊትን እንደ ከፍታው የሚቀንስ ሠንጠረዥ አለው፤ አንዳንዱ ሰው ጉልበት ፍለጋ ያጠፋዋል። መጥፋት የለበትም። አንተ ነገ ወደ አዳማ ትወርዳለህ፣ ከርሞ ድሬዳዋ ትሄዳለህ፤ እዚያ አየሩ የከበደና የሞቀ ነው።

ቀጥሎ መዝገብ ጠይቅ። ኮምፒውተሩ እየተነዳ የሚያየውን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሥራውን በትክክል የሠራ ጋራዥ ይህ መዝገብ አለው። "አጥፍተነዋል" ወይም "አያስፈልግም" ካሉህ መኪናዋ አልተፈተነችም ማለት ነው። በመዝገቡ ውስጥ መጀመሪያ የምታየው ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ የአየርና የቤንዚኑ ምጣኔ ነው፤ ማለትም የአየሩ ክብደት የቤንዚኑ ስንት እጥፍ እንደሆነ። ተርቦ ላለው የቤንዚን ሞተር ከ11 እስከ 11.7 አካባቢ ቢሆን ደግ ነው፤ ከ12 ካለፈ ሞተሩ ቤንዚን አንሶታል። ይህ ቁጥር ከመኪናዋ የራሷ ሴንሰር ሳይሆን ማርሚታው ላይ ለዚሁ ከተገጠመ ሰፊ ልኬት ካለው ሴንሰር የመጣ መሆኑን አረጋግጥ።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የሱባሩ ሞተር ላይ ድምፅ የሚያዳምጥ ሴንሰር አለ። ኮምፒውተሩ ያንን ክፉ ድምፅ ሲሰማ ብልጭታውን ያዘገያል፤ ሲደጋገምበት ደግሞ በፋይሉ ላይ ያለውን እምነት በቁጥር ይቀንሳል። በአንተ ሞዴል ቁጥሩ ከ0 እስከ 16 ነው፤ በሌሎች ሞዴሎች ከ0 እስከ 1። 16 ላይ ከቆመ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንና ፋይሉን ተቀብሏቸዋል። ከዚያ ዝቅ ካለ "ይህን አልችለውም" እያለ ነው። ልብ በል፤ ባትሪው ሲነቀል ወይም አዲስ ፋይል ሲጫን ቁጥሩ ወደ መነሻው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ መሃል፣ ይመለሳል፤ ቀድሞ የተመዘገበው ቅሬታም ሁሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ቆማ ሳለች የሚያሳዩህ ቁጥር ዋጋ የለውም። አብረሃቸው ተቀምጠህ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መጠነኛ ጭነት እየሰጧት ከተነዳች በኋላ እይ። "የሞተር መብራት አልበራም" የሚለውን መልስ አትቀበል፤ ለዚህ ጉዳይ መብራቱ ላይበራ ይችላል።

ስለ 320ው ጉልበት ብዙ አልልም። ከፋብሪካ ስትወጣ 225 ገደማ የነበራት መኪና በእነዚህ ዕቃዎች እዚያ ልትደርስ ትችላለች። ቁጥሩ ከመለኪያ ማሽን የመጣ ከሆነ ግን ሁለት ወረቀት ጠይቅ፤ የተስተካከለውንና ያልተስተካከለውን። ማሽኖቹ ውጤቱን ወደ ባሕር ወለል አየር ለመመለስ የሚያባዙበት ቀመር ተርቦ ለሌለው ሞተር የተሠራ ነው። በእኛ ከፍታ ቁጥሩን 30 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ተርቦ ደግሞ የጎደለውን አየር ራሱ ስለሚያሟላ ያ ጭማሪ በአብዛኛው የወረቀት ፈረስ ነው።

አሁን ወደ ኮፈኑ እንምጣ። ተርቦ ሲቀየር የውኃ ቱቦዎቹም ስለሚከፈቱ አየር ይገባል፤ ይህ ሞተር አየር በመቋጠር የታወቀ ነው። ቆማ ማራገቢያዋ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪነሳና እስኪጠፋ ድረስ አስነስተህ ጠብቅ፤ የሙቀት ቀስቱ ከመሃል ንቅንቅ ማለት የለበትም፣ የቤት ውስጥ ማሞቂያውም ትኩስ አየር መስጠት አለበት። የራዲያተሩን ክዳን አዲስ አድርግ፤ ርካሽ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተርህ ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። መፍላቱን የሚከለክለው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ከራዲያተሩ ፊት ኢንተርኩለር ቆሞ ንፋሱን ይሻማዋል፤ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ትረዳዋለህ።

ወደ ተርቦው ዘይት የሚወስደውን ቧንቧ በተመለከተ፣ በአንዳንዶቹ ሱባሩዎች መጋጠሚያው ብሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ስትደፈን ተርቦው በዘይት እጦት ይሞታል። አጽድተዋት ወይም ቀይረዋት እንደሆነ ጠይቅ። አሮጌው ተርቦ ተበላሽቶ ከነበረ ደግሞ ዘይቱና ፊልትሮው መቀየር ግድ ነው። የዘይት ግፊት መለኪያ አስገጥመህ ከሆነ በሞቀ ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር ከ1 ባር፣ 5,000 ዙር ላይ ከ3 ባር ማነስ የለበትም።

የኢንተርኩለሩ ቧንቧዎች በጭስ ወይም በአየር ግፊት ይፈተኑልህ። ይህ ኮምፒውተር የገባውን አየር መጀመሪያ ለክቶ ነው ቤንዚን የሚሰጠው፤ ከተለካ በኋላ አየር ካመለጠ ቤንዚኑ ይበዛና ጥቁር ጭስ ታያለህ። ማርሽ ስትቀይር "ፉሽ" የሚያሰኘው፣ አየር ወደ ውጭ የሚተፋው ቫልቭም ይህንኑ ያደርጋል። ወጣቶች ለድምፁ ሲሉ ይገጥሙታል፤ እኔ በበኩሌ ፋብሪካው እንዳደረገው አየሩን ወደ ውስጥ የሚመልሰውን እመርጣለሁ፤ ክርክሩን ግን ለአንተ ትቼዋለሁ።

ፍሪሲዮኑ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር በከተማ ውስጥ፣ ያለ ኃይለኛ አነሳስ እንዲያሳልፍ አድርግ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከቆመችበት እየተንደረደርክ አትነሳ። የዚህች መኪና ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ደካማ ጎኗ ነው፤ 225 ፈረስ ይዞም ጥርሱ የረገፈ ብዙ አለ። የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የፋዝ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የማታውቅ ከሆነም አሁኑኑ አስቀይረው፤ ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ።

አሁን የማዝዝህ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ጋራዡ የተርቦውን ግፊት በስፕሪንጉ ብቻ ወደሚያዘው ዝቅተኛ መጠን ይመልስ፤ ይህ የአንድ ቱቦ ጉዳይ ነው። ብልጭታውን ያዘገየ ፋይል ከባለሙያው ይምጣ። በእኛ ቤንዚን፣ በእኛ ከፍታ ተነድታ መዝገቡ ይላክለት፤ እምነቱ 16 ላይ ረግቶ እስከቆየ ድረስ ግፊቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመር። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ለመጨረሻው ምዝገባ ይመቻል፤ ከፍታው እየቀነሰ ስለሚሄድ ማስተካከያ ሠንጠረዡ መሥራቱን ያሳይሃል። የፍጥነት ገደቡን ግን አክብሩ፤ በሦስተኛ ማርሽ እስከ 4,500 ዙር መውሰዱ ለዚህ በቂ ነው። ቀሪውን ክፍያ ከዚህ ቀን ጋር አያይዘው፣ በጽሑፍ። ሐቀኛ ባለጋራዥ በዚህ አይቀየምም።

ከመኪናዋ ጋር አሮጌዎቹን ዕቃዎች በሙሉ፣ ዋናውን የፋብሪካ ፋይልና አዲሱን ፋይል በፍላሽ ተረከብ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የተወገደች ተርቦ እንኳ በኋላ የምትፈለግ ዕቃ ሆናለች። ለኢንሹራንስህም የተቀየረውን አሳውቅ። ምናልባት ነገሩ ከፍቶ ሞተሩ ከነብሎኩ የሚቀየር ቢሆን፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬህ ላይ ከተጻፈው ጋር ስለማይገጥም አዲሱ ከመገጠሙ በፊት የግዢ ሰነዱን በእጅህ አስገባ።