መግነጢሳዊ መስክ ሥራ የማይሠራ ከሆነ፣ በሰብስቶርም (በመሬት መግነጢሳዊ ጅራት የተከማቸ ጉልበት በድንገት የሚለቀቅበት ክስተት) ጊዜ ቅንጣቶች ጉልበት ከየት ያገኛሉ?

ጥያቄው የተነሣበት ሐሳብ ልክ ነው፤ መግነጢሳዊ ኃይል ለፍጥነት ምንጊዜም ቀጤ ነክ ስለሆነ አቅጣጫ እንጂ ጉልበት አይለውጥም። ሥራውን የሚሠራው የኤሌክትሪክ መስክ ነው።

በማግኔቶስፌር (የመሬት መግነጢሳዊ መስክ የሚገዛው ክልል) ጅራት፣ ማለትም ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል በተዘረጋው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 የመሬት ራዲየስ ርቀት ላይ፣ የመስክ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲጋጠሙ ፕላዝማ (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጋዝ) ወደ መሬት ይወረወራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር፣ መስኩ 10 ናኖቴስላ ቢሆን፣ በሜትር 4 ሚሊቮልት የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የፍሰቱ ወርድ 3 የመሬት ራዲየስ ቢሆን ከዳር እስከ ዳር 76,000 ቮልት ገደማ ነው። ፕሮቶን በመስኩ አቅጣጫ ወደ ምዕራብ፣ ኤሌክትሮን በተቃራኒው ወደ ምሥራቅ ስለሚንሸራተቱ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ይህንኑ በቤታትሮን ስሌት (መስኩ ሲጠነክር ቅንጣቱ የሚያገኘውን ጉልበት በሚያሰላው) ማየት ይቀላል። መስኩ አንድ ቅንጣት ዙሩን ከሚጨርስበት ጊዜ አንፃር ቀስ ብሎ ከተለወጠ፣ የቀጤ ነክ ጉልበት ለመስክ ጥንካሬ ሲካፈል ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ ከ10 ወደ 100 ናኖቴስላ የገባ ባለ 2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን 20 ይሆናል፤ 200 አይሆንም። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው። 200 ለመድረስ ጅራቱ ላይ እያለ 20 የነበረው መሆን አለበት፤ እነዚህ ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። ከመስመሩ ጋር ትይዩ የሆነው ጉልበት በፌርሚ መንገድ፣ ማለትም ቅንጣቱ እያጠረ በሚሄድ መስመር ላይ ሲመላለስ፣ ያድጋል፦ መስመሩ በግማሽ ቢያጥር አራት እጥፍ።

ስሌቱ ለሁሉም አይሠራም። በ10 ናኖቴስላ ውስጥ ፕሮቶን አንድ ዙር በ6.6 ሰከንድ ሲጨርስ የኦክስጅን አዮን 105 ሰከንድ ይፈጅበታል። መስኩ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከተቀየረ ለኦክስጅን «ቀስ ብሎ» የሚባል ነገር የለም፤ ቀመሩ ከሚለው በላይ ሊያገኝ ይችላል።

የሳተላይት መረጃ ስታዩ የቅንጣት ፍሰት ስለጨመረ ብቻ ጉልበት ጨመረ አትበሉ። ቀጭኖ የነበረው የፕላዝማ ንጣፍ (በጅራቱ መሃል ያለው ፕላዝማ የበዛበት ንብርብር) ሲወፍር ሳተላይቱን መልሶ ሊውጠው ይችላል፤ ያኔም ፍሰቱ ይዘላል። ፍሰቱን ለሞመንተም ስኩዌር አካፍሉና ቅድም ያልኩት የጉልበትና የመስክ ውድር እኩል በሆነበት ከጅራቱ መረጃ ጋር አወዳድሩ። የማካፈሉ ውጤት ካልተለወጠ የቤታትሮን ስሌቱ ይበቃል። በጂኦስቴሽነሪ ምህዋር፣ በ6.6 የመሬት ራዲየስ፣ ሁሉም የጉልበት መጠኖች በአንድ ጊዜ ከዘለሉ ሳተላይቱ ቅንጣቶቹ በገቡበት ስፍራ ላይ ነው፤ ከፍተኛዎቹ ቀድመው ዝቅተኛዎቹ ከተከተሉ ግን ቅንጣቶቹ ሌላ ቦታ ገብተው ተንሸራተው የደረሱ ናቸው።